ድረ ገጽ አሠርቼ ደንበኛ ያጣሁት ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ሳሪስ አካባቢ የቤት ዕቃ እናመርታለን፤ ሶፋ፣ አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ ኪችን ካቢኔት። ከስምንት ወር በፊት ድረ ገጽ አሠራን። እስካሁን ግን በድረ ገጹ አይቼ መጣሁ ያለን ሰው የለም። ጎግል ላይ ‹የቤት ዕቃ› ብዬ ስፈልግ ሌሎች እንጂ እኛ አንወጣም፤ የድርጅታችንን ስም ስጽፍ እንኳ የሚመጣው የፌስቡክ ገጻችን ብቻ ነው። አንድ ድርጅት በ30 ቀን ጎግል የመጀመሪያ ገጽ ላይ አወጣችኋለሁ ብሎ 45 ሺህ ብር ጠይቆናል። ሌላ ባለሙያ ደግሞ በዚያው ብር ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ቡስት (የሚከፈልበት ማስታወቂያ) ብታደርጉ ይሻላል ይለናል። የትኛውን ልምረጥ?»

ምላሽ፦ አሁን ለሁለቱም አይክፈሉ። ጥያቄዎ ውስጥ ችግሩ የት እንዳለ የሚጠቁም አንድ ነገር አለ፤ የድርጅትዎን ስም ሲጽፉ እንኳ ድረ ገጹ አይመጣም። «የቤት ዕቃ» በሚለው ቃል አለመውጣት የፉክክር ጉዳይ ነው፤ ቃሉን ብዙ ሻጭ ይሻማበታል። ስምዎ በጣም የተለመደ ቃል ካልሆነ በቀር ግን በራስ ስም የሚፎካከር የለም። እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጎግል ድረ ገጹን ጨርሶ መዝገቡ ውስጥ አለማስገባቱ ነው። መዝገብ ውስጥ ያልገባ ገጽ ደግሞ ምንም ያህል ቢከፈልበት ደረጃ ሊያገኝ አይችልም።

ይህን ለማረጋገጥ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ስልክዎ ላይ ጎግልን ይክፈቱና «ሳይት» (site) የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ፤ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ (:) ያስከትሉ፤ ከዚያ ምንም ክፍተት ሳይተዉ የድረ ገጽዎን አድራሻ ይጻፉና ይፈልጉ። ጎግል ከእርስዎ ድረ ገጽ የሚያውቃቸውን ገጾች ይዘረዝርልዎታል። ምንም ካልመጣ አብዛኛውን ጊዜ አልተመዘገቡም ማለት ነው። የመጣው አንድ ወይም ሁለት ገጽ ብቻ ከሆነ ድረ ገጹ ተገኝቷል፤ ነገር ግን ምናልባት የሚነበብ ነገር አላገኘበትም። ሁሉም ገጾችዎ ከመጡ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ወደዚያም እመጣለሁ።

ምንም ካልመጣ መጀመሪያ የሚታየው ቦታ የታወቀ ነው። ድረ ገጹ የተሠራው ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ከሆነ፣ ሴቲንግ ውስጥ «ሪዲንግ» በሚለው ስር የፍለጋ ድርጅቶች ይህን ድረ ገጽ እንዳይመዘግቡት የምትጠይቅ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ዴቨሎፐሮች (ድረ ገጹን የሚሠሩት ባለሙያዎች) ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ምልክት ያደርጉባታል፤ ትክክልም ነው፣ ያልተጠናቀቀ ገጽ ሕዝብ ማየት የለበትም። ድረ ገጹን ሲያስረክቡ ምልክቱን ማንሳት ግን ይረሳል። ምልክቱ እስካለ ድረስ እያንዳንዱ ገጽ «ኖኢንዴክስ» (አትመዝግበኝ) የሚል ትእዛዝ ይዞ ይኖራል፤ ጎግልም ትእዛዙን ያከብራል። ስምንት ወር ሙሉ የጠፋው ደንበኛ ምክንያቱ ይህች ሳጥን ልትሆን ትችላለች። በዎርድፕረስ ካልተሠራ ዴቨሎፐሩን «ኖኢንዴክስ አለበት ወይ? ሮቦትስ የሚባለው ፋይልስ ጎግልን ይከለክላል ወይ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁት። መልሱ ከአንድ ሰዓት ሥራ በላይ አይፈልግም።

እገዳው ከተነሣ በኋላ ድረ ገጽዎ ጎግል ላይ ያለበትን ሁኔታ የሚያሳየውን፣ ጎግል ሰርች ኮንሶል የተባለውን ነጻ አገልግሎት በራስዎ የጂሜይል አድራሻ ይክፈቱ፤ በዴቨሎፐሩ ወይም በወንድምዎ ልጅ አድራሻ አይሁን። የድረ ገጹ ባለቤት መሆንዎን ለማረጋገጥ ጎግል አንድ አጭር ጽሑፍ ይሰጥዎታል፤ ጽሑፉ ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ ስም) በተገዛበት ቦታ ዲኤንኤስ በሚባለው የአድራሻው ማስተካከያ ክፍል ውስጥ ይገባል። ከዚያ የገጾቹን ዝርዝር የያዘውን ሳይትማፕ ያስገቡ፤ ዋና ዋናዎቹን ገጾችም አንድ በአንድ እየመረመሩ እንዲመዘገቡ ይጠይቁ። ጎግል ጥያቄውን የሚያስተናግደው በራሱ ጊዜ ነው፤ ከጥቂት ቀን እስከ ጥቂት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ደጋግሞ መጠየቅ አያፋጥነውም። በራስዎ ስም ሲፈልጉ ድረ ገጹ መምጣት ሲጀምር የመጀመሪያው ችግር ተፈታ ማለት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ችግር፣ ማለትም ጎግል መጥቶ የሚነበብ ነገር ማጣቱ፣ እኛ ዘንድ በጣም የተስፋፋ ነው። ለፌስቡክ የተሠራው ፖስተር እንዳለ ድረ ገጹ ላይ ይለጠፋል፤ የምርቱ ስም፣ ልኩ፣ ስልክ ቁጥሩ ሁሉ ያለው ምስሉ ውስጥ ነው። ሰው ያነበዋል፤ ጎግል ግን ምስል ላይ የተሣለን የአማርኛ ጽሑፍ እንደ ገጹ ጽሑፍ አይቆጥርልዎትም። ከብሮሹር ተቀድቶ የመጣ ጽሑፍም ሌላ ጣጣ አለው። ብሮሹሩ ከዩኒኮድ (ፊደሎችን ሁሉም ኮምፒውተር በአንድ መልክ እንዲያነባቸው ከሚያደርገው ሥርዓት) ውጭ በሆነ የቆየ የግእዝ ፎንት የተጻፈ ከሆነ፣ ፎንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ፊደል ሆኖ ይታያል፤ ውስጡ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ይህ ጉዳይ መረሳት ነበረበት፤ በማተሚያ ቤት ፋይሎች በኩል ግን ዛሬም ይገባል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከድረ ገጽዎ አንድ ዐረፍተ ነገር ኮፒ አድርገው ቴሌግራም ላይ ለራስዎ ይላኩ። ፊደሉ እንዳለ ከመጣ ደህና ነው፤ ጭራሽ ኮፒ ካልተደረገ ምስል ነው፤ ዝብርቅርቅ ምልክት ከመጣ ጽሑፉ እንደገና መተየብ አለበት።

አሁን «በ30 ቀን የመጀመሪያ ገጽ» ወደሚለው ቃል ኪዳን። ማንም ሰው በጎግል ላይ አንደኛ ደረጃን ዋስትና ሰጥቶ ሊሸጥ እንደማይችል ራሱ ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በሚሰጠው ምክር ላይ በግልጽ ጽፏል። የዚህ ዓይነት ሥራ ውጤት እስኪታይም አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት እንደሚወስድ የጎግል ባለሙያዎች ተናግረዋል። ታዲያ 30 ቀን የሚለው ሰው ምን ሊሠራ ነው? ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው፣ በራስዎ የድርጅት ስም ወይም ማንም በማይፈልገው ረጅም ሐረግ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያወጣዎትና «ይኸው» ይልዎታል፤ እገዳውን ማንሳት ብቻ ለዚህ ይበቃዋል። ሁለተኛው፣ ጎግል ላይ የሚከፈልበት ማስታወቂያ ያስገባል፤ ብሩ ሲያልቅ እርስዎም ከገጹ ይጠፋሉ። ሦስተኛው የከፋው ነው፤ ወደ ድረ ገጽዎ የሚያመለክቱ በርካታ ሊንኮችን ከማይታወቁ ድረ ገጾች ይገዛል፣ ወይም በማሽን የተጻፉ መቶ ጽሑፎችን ይጭናል። የተገዛ ሊንክ የጎግልን ደንብ ይጥሳል፤ ጎግል ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚህ ላይ ጠንካራ እርምጃ ሲወስድ ቆይቷል። ደረጃ ለማግኘት ብቻ በገፍ የሚመረት ጽሑፍንም በመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ደንብ ስሙን ጠርቶ ከልክሏል። ቅጣቱ የሚያርፈው በዶሜይንዎ ላይ ነው፤ ገንዘቡን የተቀበለው ሰው ያኔ ስልክ ላያነሣ ይችላል።

እግረ መንገዴን፣ «ኪዎርድ እናስገባለን» ብለው ከገጹ ጀርባ የቃላት ዝርዝር መጨመርን እንደ ሥራ የሚያስከፍሉ አሉ። ጎግል ይህን ዝርዝር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 (እ.ኤ.አ.) አሳውቋል።

ከማንም ጋር ከመዋዋልዎ በፊት ግን የንብረትዎን ባለቤትነት ያጣሩ። ዶሜይኑ የተመዘገበው በማን ስምና ኢሜይል ነው? ሆስቲንጉ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኪራይ) የሚታደሰው መቼ ነው፣ የሚከፍለውስ ማን ነው? የድረ ገጹ ዋና የይለፍ ቃል እርስዎ ዘንድ አለ? አብዛኛው ትንሽ ድርጅት ዶሜይኑን የሚያውቀው ሲጠፋ ነው። ዴቨሎፐሩ በራሱ ስም ገዝቶት፣ ወደ ውጭ አገር ሄዶ ወይም ሥራ ቀይሮ፣ የማደሻው ማስታወሻ እርሱ በማይከፍተው ኢሜይል ይመጣል። ጊዜው ያለፈበት ዶት ኮም ዶሜይን መጀመሪያ አጭር የእፎይታ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ለ30 ቀን በከፍተኛ ዋጋ ብቻ የሚመለስበት ጊዜ ይመጣል፤ በመጨረሻም ማንም ሊገዛው ይችላል። በዶት ኢቲ የተመዘገበ ከሆነ ጉዳይዎ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ነው፤ ምዝገባው በድርጅቱ ንግድ ፈቃድ ስም መሆኑን ያረጋግጡ። የፌስቡክ ገጹም እንዲሁ ነው። ቡስት ለሚያደርግልዎ ሰው የይለፍ ቃል አይስጡ፤ ማስታወቂያ ብቻ የመሥራት ፈቃድ ያለው ተጠቃሚ አድርገው ይጨምሩት፤ ሥራው ሲያልቅ ያስወጡት።

ለእርስዎ ዓይነት ሥራ ከድረ ገጹ እንኳ ቀድሞ ስልክ የሚያስደውለው የጎግል ካርታ ነው። ካርታው ላይ የሚያወጣዎት ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ነጻ ነው። «ፈርኒቸር» ወይም «ሶፋ ሳሪስ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የሚያየው ብዙ ጊዜ የካርታውን ዝርዝር ነው፤ እዚያው ላይ መደወያ፣ አቅጣጫና ፎቶ አለ። ጎግል በዚህ ዝርዝር ማን እንደሚቀድም የሚወስነው በሦስት ነገር መሆኑን ይናገራል፤ ፍለጋው ከሥራዎ ጋር ያለው ተዛማጅነት፣ ፈላጊው ካለበት ቦታ ያለዎት ርቀት፣ እና ታዋቂነትዎ። ርቀትን መለወጥ አይችሉም። ቦሌ አራብሳ ያለ ሰው ሲፈልግ እዚያ ያለ አምራች ሊቀድምዎ ይችላል፤ ይህን ማንም በገንዘብ አያስተካክልልዎትም። ሁለቱ ግን በእጅዎ ናቸው።

ፕሮፋይሉን ሲከፍቱ ስሙን ልክ በታፔላዎ ላይ እንዳለው ይጻፉ። «እገሌ ፈርኒቸር ምርጥ ሶፋ አልጋ ቁምሳጥን በአዲስ አበባ» ብሎ ስም ማስረዘም ደንብ መጣስ ነው፤ ፕሮፋይሉን ሊያሳግደው ይችላል፣ የታገደን ማስመለስ ደግሞ አድካሚ ነው። ዋናውን ዘርፍ በጥንቃቄ ይምረጡ፤ ማሳያ ሱቅ ካለዎት የቤት ዕቃ መደብር፣ ሰው የሚመጣው ወርክሾፑ ድረስ ከሆነ የቤት ዕቃ አምራች። ፒኑን (ካርታው ላይ ቦታዎን የሚያሳየውን ምልክት) መሃል መንገድ ላይ ሳይሆን በሩ ላይ ያስቀምጡ፤ የእኛ ከተማ አድራሻ በቤት ቁጥር ስለማይገኝ በመግለጫው ውስጥ የታወቀ ምልክት ይጨምሩ። ማረጋገጫውን ጎግል ብዙ ጊዜ በቪዲዮ ይጠይቃል። ቪዲዮው ሳይቆራረጥ በአንድ ጊዜ መቀረጽ አለበት፤ ከመንገዱ ጀምረው ጎረቤት ሱቆችን ያሳዩ፣ ታፔላውን ያሳዩ፣ በሩን በቁልፍ ከፍተው ይግቡ፣ መጋዙንና በሥራ ላይ ያለውን ዕቃ ያሳዩ። ታፔላ ከሌለዎት መጀመሪያ ታፔላ ይስቀሉ፤ ያለ እርሱ ብዙዎች ውድቅ ይሆናሉ።

ታዋቂነት የሚገነባው በአብዛኛው በደንበኞች አስተያየት ነው። ዕቃውን አስረክበው፣ ገጣጥመው፣ ደንበኛው ረክቶ ሳለ የአስተያየት ሊንኩን በቴሌግራም ይላኩለትና «ምን እንዳሠሩና እንዴት እንዳገኙት ቢጽፉልን» ብለው ይጠይቁት። ቅናሽ ወይም ስጦታ በምትኩ አይስጡ፤ ክልክል ነው። ሠራተኞችና ዘመዶች በአንድ ቀን አስራ አምስት ባለ አምስት ኮከብ እንዲጽፉም አያድርጉ፤ ይሰረዛል፣ አልፎም ፕሮፋይሉን ያስጠረጥራል። በሳምንት አንድ እውነተኛ አስተያየት ይበቃል። ቅሬታ ሲመጣ ስሜት ውስጥ ሳይገቡ በአጭሩ ይመልሱ፤ ምን እንደተደረገ ይጻፉ። ገና ያልገዛው አንባቢ ከአመስጋኞቹ ይልቅ ለቅሬታው የሰጡትን መልስ ያጤናል።

ወደ ድረ ገጹ ስንመለስ፣ ገንዘብዎንና ጉልበትዎን የሚያውሉበት ዋናው ቦታ የምርት ገጾቹ ናቸው። አሁን «ምርቶቻችን» በሚል አንድ ገጽ ላይ ስልሳ ፎቶ ተደርድሮ ከሆነ፣ ጎግል ስለ ምን እንደሆነ መለየት አይችልም። ለሶፋ አንድ ገጽ፣ ለቁምሳጥን አንድ፣ ለኪችን ካቢኔት አንድ፣ ለአልጋ አንድ ይሁን። የእያንዳንዱ ገጽ ርዕስ ምርቱንና ቦታውን ይጥቀስ፤ «ኪችን ካቢኔት በትእዛዝ፣ ሳሪስ፣ አዲስ አበባ» ይበቃል። ሰው የሚጽፈው በሦስት መልክ መሆኑንም ያስቡ፤ በፊደላችን፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ፣ እና በእንግሊዝኛ። በፊደላችንም ቢሆን አንዱ «ዕቃ» ሌላው «እቃ»፣ አንዱ «ቁምሳጥን» ሌላው «ቁም ሳጥን» ይላል። አንዱን አጻጻፍ በርዕሱ፣ ሌላውን በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ በተፈጥሮ ማስገባት ይጠቅማል፤ ሁሉንም አጻጻፍ በሰልፍ መደርደር ግን ገጹን ያበላሻል። እንግሊዝኛውን ለብቻው፣ የራሱ አድራሻ ባለው ገጽ ይጻፉት። አንባቢው ሲጫን ብቻ የሚተረጉም ቁልፍ መለጠፍ ጎግል የሚመዘግበው አዲስ ገጽ አይፈጥርም፤ የሚያወጣው ትርጉምም ብዙ ጊዜ ደንበኛ ፊት የሚያሳፍር ነው።

ምን እንደሚጽፉ ከፈለጉ ለሁለት ሳምንት ስልክ የሚያነሣውን ሠራተኛ የሚጠየቀውን ሁሉ ደብተር ላይ እንዲጽፍ ያድርጉ። «ስንት ነው? በስንት ቀን ይደርሳል? ቅድመ ክፍያው ስንት ነው? ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረጃው ያስገባዋል? ማጓጓዣና መግጠሚያ ይጨምራል? ኤምዲኤፉ ስንት ሚሊሜትር ነው? ስፖንጁ ይሰምጣል?» ድረ ገጹ መመለስ ያለበት እነዚህን ነው፤ «ጥራት መለያችን ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለአንዱም መልስ አይሆንም። ለቁምሳጥን ገጽ ቁመቱን፣ ወርዱንና ጥልቀቱን በሴንቲሜትር ይጻፉ፤ ቦርዱ 16 ነው ወይስ 18 ሚሊሜትር፣ ጀርባው ምንድን ነው፣ ማጠፊያው ምን ዓይነት ነው፣ ተፈታቶ ይገጠማል ወይስ አንድ ወጥ ነው። ለሶፋ የስፖንጁን ዴንሲቲ፣ የውስጡን እንጨት፣ ጨርቁ የሚታጠብ መሆኑን ይግለጹ።

ዋጋን መደበቅ ትልቁ ስህተት ነው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ፌስቡክ ላይ መልእክት ለማብዛት ይረዳ ይሆናል፤ ጎግል ላይ የመጣ ሰው ግን ዋጋ ካላየ ተመልሶ ቀጣዩን ገጽ ይከፍታል። ተፎካካሪ ያየዋል የሚለው ስጋት ይገባኛል፤ ተፎካካሪዎ ግን ሰው ልኮ በአንድ ስልክ ሊያውቀው የሚችለውን ነገር ከገዢው እየደበቁ ነው። ትክክለኛውን ዋጋ መስጠት ካልቻሉ መነሻውን ይስጡ፤ ኪችን ካቢኔት በሜትር ከሆነ የሚያስከፍሉት የአንድ ሜትሩን መነሻ፣ ዋጋውን የሚያስጨምሩትን ነገሮች፣ አንድ የተሠራ ሥራ ከነልኩና ከነዋጋው። የጥሬ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ከስሩ «ይህ ዋጋ የታደሰው» ብለው ቀኑን ይጻፉ፣ በየወሩም ያድሱት። ከስድስት ወር በፊት የነበረ ዋጋ ተሰቅሎ ሰው መጥቶ ሲጨመርበት ከመደበቁም የከፋ ጉዳት ያመጣል።

ፎቶዎቹን በተመለከተ ከስልክ የወጣ አንድ ፎቶ 4 ወይም 5 ሜጋባይት ይመዝናል። ሃያዎቹ አንድ ገጽ ላይ ሲቆለሉ ከ80 እስከ 100 ሜጋባይት ይሆናል፤ በሞባይል ዳታ የገባ ሰው ይህን አይጠብቅም፣ ፓኬጁንም አያቃጥልም። ወርዱን ወደ 1200 ፒክስል ዝቅ አድርገው በዌብፒ ፎርማት ቢያስቀምጡት አብዛኛው ፎቶ ከ150 እስከ 200 ኪሎባይት ይሆናል፤ በዓይን የሚለይ ልዩነት የለውም። ጎግል ጥሩ ብሎ የሚቀበለው የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ሲታይ ነው፤ ለመዝገቡ በዋናነት የሚያነበውም የስልኩን ገጽታ ነው። ሲፈትኑ የቢሮውን ዋይፋይ ያጥፉ፤ መካከለኛ ስልክ ይዘው፣ በዳታ፣ ገጹን ከዚህ በፊት ባልከፈተ ብሮውዘር ይሞክሩት።

ስልክ ቁጥሩም ሲነካ የሚደውል ይሁን፤ የተጻፈበትም መልክ በ09 ወይም በ07 ጀምሮ ሳይሆን ዜሮው ወጥቶ በፕላስ 251 ይሁን። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ ለእናቱ አልጋ ማሠራት የሚፈልግ ሰው ዜሮ ያለበትን ቁጥር ነክቶ አይደውልም። ለእርሱ ዋትስአፕም ያስፈልጋል፤ አገር ውስጥ ላለው የቴሌግራም ቁልፍ ይበቃል። «ያግኙን» የሚለውን ቅጽ ደግሞ ዛሬውኑ ራስዎ ሞልተው ይላኩት። መልእክቱ ማንም በማይከፍተው ኢሜይል ወይም ስፓም ውስጥ ከሆነ የሚያርፈው፣ ምናልባት ስምንት ወር ሙሉ የጻፉልዎት ሰዎች መልስ አጥተው ሄደዋል። ቅጹ የማይሠራ ከሆነ ያስወግዱት፤ ስልክና ቴሌግራም ይበቃሉ። በዚህ መንገድ የሰበሰቡትን የደንበኛ ስልክ ቁጥር ለማስታወቂያ መልእክት ለመጠቀም ካሰቡ አስቀድመው ፈቃዱን ይጠይቁ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሥራ ላይ ነው።

ቡስት መጥፎ ነገር አይደለም፤ የሚሠራው ሥራ ግን ሌላ ነው። ጎግል ላይ የሚፈልግ ሰው ሶፋ ሊገዛ ተነሥቷል። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ያለው ሰው ሌላ ነገር እያየ ሳለ የእርስዎ ሶፋ ፊቱ ይመጣል፤ ከሺህ አንዱ ያን ሳምንት ገዢ ከሆነ ጥሩ ነው። ስለዚህ ቡስት የሚያዋጣው ሰው ሊገዛ በሚያስብበት ሰሞን ነው፤ ከጥር የሠርግ ወቅት አስቀድሞ፣ ከፋሲካ በፊት፣ ለአዲስ ዓመት። ሲያደርጉም ላይክን ግብ አያድርጉ። ፌስቡክ ላይክ እንዲያመጣ ከታዘዘ ላይክ የሚወዱ ሰዎችን ፈልጎ ያመጣል፤ መልእክት ወይም ጥሪ እንዲያመጣ ይዘዙት። ቦታውን መላ ኢትዮጵያ አያድርጉ፤ ማድረስ የሚችሉበትን ብቻ ይምረጡ። አንድ ምርት፣ አንድ አጭር ቪዲዮ፣ ዋጋው በግልጽ፣ ለሰባት ቀን።

ክፍያው የሚፈጸመው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ ብዙ ሰው በአገናኝ በኩል ይከፍላል። አገናኙ በራሱ አካውንት ሠርቶ «20 ሺህ ሰው አይቶታል» የሚል አንድ ስክሪንሾት ቢልክልዎት ምን ያህል ዶላር እንደወጣ አታውቁም። ማስታወቂያው በእርስዎ ገጽ አካውንት እንዲሠራ፣ የወጣውን ገንዘብና የመጣውን መልእክት ራስዎ ገብተው እንዲያዩ ይዋዋሉ። ይህን እምቢ የሚል አገናኝ ካለ ሌላ ይፈልጉ።

ውጤቱን የሚለኩት በሽያጭ ነው። ለድረ ገጹ ብቻ የተለየ ሲም ካርድ ያውጡ፣ ለጎግል ካርታው ሌላ፤ የደወለው ሰው ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ ያውቃሉ። ለአብነት አንድ ቡስት 6 ሺህ ብር ፈጅቶ 40 መልእክት ቢያመጣ፣ ከአርባው አምስቱ ወርክሾፕ ድረስ መጥተው ሁለቱ ቢያዝዙ፣ አንዱ ትእዛዝ 3 ሺህ ብር ፈጀ ማለት ነው። ከአንድ ሶፋ የሚተርፍዎት ከዚህ በብዙ የሚበልጥ ከሆነ ይቀጥሉ፤ ካልሆነ ያቁሙ። አርባ መልእክት መጥቶ ማንም ካልገዛ ደግሞ ማስታወቂያውን ከመውቀስዎ በፊት መልእክቶቹ በስንት ሰዓት እንደተመለሱ ይመልከቱ።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል፦ በአማርኛ «የቤት ዕቃ» ብለው የሚፈልጉ ሰዎች ብዛት ውስን ነው፤ ሁሉንም በትክክል ቢሠሩም ድረ ገጹ ብቻውን ወርክሾፑን በትእዛዝ አይሞላውም። አብዛኛው ደንበኛ በሰው ጥቆማ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይመጣል። ነገር ግን ለኪችን ካቢኔት ከፍተኛ ገንዘብ ቅድመ ክፍያ የሚከፍል ሰው ስምዎን ጎግል ላይ ያጣራል፤ ያን ጊዜ ዋጋ፣ ልክ፣ አድራሻና እውነተኛ አስተያየት ያለው ገጽ ማግኘት አለበት።

የማሳስብዎ ቅደም ተከተል ይህ ነው። በዚህ ሳምንት የመዝገቡን ጉዳይ ያጣሩ፣ የዶሜይኑን ባለቤትነት ይያዙ፣ ቅጹን ይፈትሹ። በዚህ ወር የካርታውን ፕሮፋይል አስረጋግጠው አራቱን የምርት ገጾች ያስጽፉ። ከ45 ሺሁ ብር ከፊሉን ጥሩ ፎቶ ለሚያነሣና ጽሑፉን አስተካክሎ ለሚጽፍ ሰው ይክፈሉ፤ ጥቂቱን ለአንድ የተወሰነ ወቅት ቡስት ያስቀምጡ፤ ቀሪውን አይንኩት። ከአራት ወር በኋላ ሰርች ኮንሶል ላይ ሰዎች በየትኛው ቃል እንዳገኙዎትና ስንቱ እንደገባ ያያሉ። ያኔ ባለሙያ መቅጠር ከፈለጉ ያን ሰንጠረዥ ያሳዩትና የትኞቹን ቃላት፣ በየትኛው ገጽ፣ በምን ሥራ እንደሚያሻሽል በጽሑፍ ይጠይቁት። የሚሠራውን ሥራ የሚዘረዝረውን ይቅጠሩ፤ ደረጃ ብቻ ቃል የሚገባውን ይለፉት።